በይሉኝታ በር የሚገባ ሌባ፦ ስለ ስልክ ማጭበርበር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የሚታለለው ስግብግብ ወይም ያልተማረ ሰው ነው»

ታላቅ እህቴ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ሃያ ዓመት የሰው ገንዘብ ስትቆጥር አንዲት ሳንቲም ጎድሎባት አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ «4,500 ብር ገብቶልዎታል» የሚል አጭር መልእክት ደረሳት። ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «እትዬ፣ አንድ ቁጥር ተሳስቼ ወደ እርስዎ ልኬ ነው። እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች፤ የመድኃኒት መግዣዋ ነው፤ ስለ እመብርሃን ይመልሱልኝ» አላት። መለሰችለት፤ ከራሷ ገንዘብ። መልእክቱን የጻፈው ደዋዩ ራሱ ነበር፤ ወደ ሂሳቧ የገባ ሰባራ ሳንቲም አልነበረም።

ስግብግብነቱ የታለ? ስግብግብ ብትሆንማ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግታ በተረፈች ነበር። የጎዳት ይሉኝታዋ ነው። እናቱ ታማበት የሚለምንን ሰው «ቆይ፣ መጀመሪያ ላረጋግጥ» ማለት ነውር ይመስለናል። አጭበርባሪው ከኮምፒውተር ይልቅ አጥንቶ የሚያውቀው ይህንን ጠባያችንን ነው።

መልእክት ገንዘብ አይደለም። ሂሳብን ከፍቶ ቀሪውን ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ቢገኝ እንኳ በራስ እጅ መመለስ አይገባም፤ ከሌላ ተጎጂ የተዘረፈ ሊሆን ይችላል። ላኪው በላከበት ባንክ ወይም በቴሌብር በኩል ያመልክት፣ በዚያው በኩል ይመለስለት። ለባለሱቆችም ያው ነው፦ ደንበኛው በስልኩ የሚያሳየው የደረሰኝ ምስል በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ሊሠራ ስለሚችል፣ ዕቃው ከመደርደሪያ የሚወርደው ብሩ በራስ ሂሳብ ላይ ሲታይ ነው።

«ሙሉ ስሜንና የሂሳብ ቁጥሬን ጠርቶ ነው ያናገረኝ፤ በእርግጥ ከባንክ ነው»

ሰርግ ሲደገስ፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ለታመመ ሰው ሲዋጣ የሂሳብ ቁጥራችን በየቴሌግራም ቡድኑ ይለጠፋል። ቁጥሩን ብር ለመላክ ያህል ያስገባ ሰው ሁሉ የባለቤቱን ስም ስልኩ ላይ ያነባል። የመታወቂያችን ቅጂ ደግሞ በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በየደላላው እጅ አለ። እንግዲህ ስማችንን ማወቅ ምን ያስደንቃል? ደዋዩ «ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው» ካለ ስልኩን ዘግቶ ራስን መደወል ነው፤ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127። እርሱ በሰጠው ቁጥር መደወል ግን ወደ እርሱው መመለስ ነው።

«የምስጢር ቁጥሬን ለማንም አልሰጠሁም»

አልሰጡም ይሆናል። በአጭር መልእክት የመጣውን ባለጥቂት አኃዝ ኮድ ግን አንብበውለታል። ያ ኮድ ለአንድ ጊዜ የተቀረጸ ቁልፍ ነው፤ ሌባው በስልክ ቁጥርዎ ለመግባት በር ላይ ቆሞ፣ የሚጎድለው እርሱ ብቻ ሲሆን ነው የሚደውለው። የባንክ ሠራተኛ ይህን ኮድ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም።

በቴሌግራም የሚመጣው ለስለስ ያለ ነው። የሚያውቁት ሰው «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ» ብሎ ማስፈንጠሪያ ይልካል። ገጹ ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎም ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ ሲገባ የቴሌግራም አድራሻዎ የሌላ ሰው ይሆናል፤ «ወዳጅዎም» ቀድሞ የተዘረፈ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ በእርስዎ ስምና ፎቶ ዋሽንግተን ላሉት አክስትዎና ቤይሩት ላለችው እህትዎ «ቸግሮኛል፣ ነገ እመልሳለሁ» የሚል ይደርሳቸዋል። እነርሱም ይልካሉ፤ ዘመድ ጨንቆት ሲጠይቅ ማን ይመረምራል? በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ከኮዱ ሌላ ተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚያስጠይቅ አማራጭ አለ፤ ዛሬውኑ ያብሩት። ውጭ ያለ ዘመድም ብር ከመላኩ በፊት ደውሎ ድምፅ ይስማ።

«ስልኬ በጣት አሻራ ተቆልፏል»

ስልኩ እንጂ ሲም ካርዱ አልተቆለፈም። ቀማኛው ሲሙን አውጥቶ በሌላ ስልክ ላይ ሲከተው፣ በቁጥርዎ የሚላኩ ኮዶች ሁሉ ለእርሱ ይደርሳሉ። ሲም ካርድም የራሱ መቆለፊያ ቁጥር አለው፤ ከስልኩ ቅንብር ውስጥ ማብራት ይቻላል። ብቻ ቁጥሩን በግምት አይሞክሩ፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ይዘጋል። ስልክ ከተሰረቀ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄድ በፊት ከሰው ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ መስመሩን ማዘጋት ይቀድማል።

«ሂሳቤን ለጥቂት ቀን ባውስ ምን አጣለሁ?»

«ከውጭ ብር ይገባልኛል፣ በአንተ ሂሳብ ይለፍ፣ ድርሻህን ትወስዳለህ» የሚለው ጥያቄ በተለይ ወደ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ይመጣል። የሚያልፈው ብር ብዙ ጊዜ እንደ እህቴ ካለ ሰው የተወሰደ ነው። ዱካው ሲፈለግ መጀመሪያ የሚገኘው የባለሂሳቡ ስም ነው፤ ተበዳሪው ያን ጊዜ የለም። በስም የወጣ ሲም ካርድ ለሌላ መስጠትም ከዚህ አይለይም።

«ባንክ ያለ ገንዘብ መድን አለው፣ ይተካል»

የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር የሚከፍለው ባንኩ ራሱ ሲወድቅ ነው። አታልለው ለወሰዱብን አይደለም።

«አንዴ ከሄደ ሄደ፣ መናገሩ ምን ይጠቅማል?»

ሌባው ብሩን ከሂሳብ ወደ ሂሳብ እያዘዋወረ እስኪያወጣው ጥቂት ጊዜ ሊወስድበት ይችላል። ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ከመውጣቱ በፊት ባንኩ ከደረሰበት የተቀባዩ ሂሳብ ሊታገድ ይችላል፤ ዋስትና ባይኖረውም፣ ዕድሉ በየደቂቃው እየጠበበ የሚሄድ ነው። የግብይቱን ቁጥር፣ መልእክቱንና የደወለውን ስልክ ሳያጠፉ ለፖሊስ ማቅረብም ያስፈልጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማጭበርበርንም የማንነት ስርቆትንም በወንጀልነት አስፍሯል።

እህቴ ለእኛ የነገረችን ከአራት ወር በኋላ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ሆና መታለሏ አሳፍሯት ነበር። ቢሮዋ ውስጥ ስታወራው ከጎኗ የምትቀመጠው ባልደረባዋ ብዕሯን አስቀመጠችና «ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።