«የባህር ሰው ስለ ፋብሪካ ምን ያውቃል?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

አቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ውስጥ በጥገና ሥራ ለኖረ ሰው ይህ ወሬ አዲስ አይደለም። የባህር ኃይል መኮንን የነበረ ሰው ሚኒስትር ወይም የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ሆነ ሲባል «ማዘዝ ለምዶ ነው እንጂ ሥራ የት ያውቃል?» ይሉታል። ከጀማሪ ቴክኒሻን ብሰማው አይገርመኝም፤ ዲግሪ ከያዘ መሐንዲስ ስሰማው ግን ያናድደኛል።

ቀለል ካሉት ልጀምር።

«የባህር ኃይል መኮንን ሁሉ መርከብ ነጂ ነው።» አይደለም። ሞተሩን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ግንባታውን፣ ስንቁን የያዙ መኮንኖች አሉ።

«ወደብ የለንም፤ እኛን አይመለከተንም።» የኢትዮጵያ ባህር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሥርቶ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። የባህር በሩ ሲዘጋ ፈረሰ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ እንደገና እየተቋቋመ ነው። የንግድ መርከቦቻችን ግን ሥራ አላቆሙም። ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ይራገፋል፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ የማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ አለ። በቃሊቲ መንገድ የሚያልፈው ስንት ከባድ መኪና በባህር የመጣ ዕቃ እንደጫነ አስቡት።

አሁን ወደ ዋናው፦ «የሚያውቀው ማዘዝ ብቻ ነው።»

አሜሪካዊውን ቤን ሞሬልን ውሰዱ። ከባህር ኃይል አካዳሚ የወጣ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1917 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ባህር ኃይሉን የተቀላቀለ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በፓሲፊክ ደሴቶች የሚሠሩት የኮንትራክተር ሠራተኞች ሲቪል ስለነበሩ ጠላት ቢመጣ መሣሪያ አንስተው መዋጋት አይችሉም ነበር። ሞሬል በ1942 «ሲቢስ» የተባሉትን የግንባታ ሻለቃ ጦሮች አቋቋመ። መጀመሪያ የመለመላቸው ሙያ ያላቸውን አናጢዎች፣ በያጆች፣ የመንገድ ሥራ ሰዎች ነበር፤ አማካይ ዕድሜያቸው 37 ዓመት ነበር። በ1946 የአሜሪካ መንግሥት በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት የድንጋይ ከሰል ማዕድኖችን ሲረከብ አስተዳዳሪ ያደረገው እሱን ነው። በ1947 ጆንስ ኤንድ ላፍሊን የተባለውን ትልቅ የብረት ኩባንያ መምራት ጀመረ፤ እስከ 1958 ቆየ። እንዲህ ያለውን ሰው «የማያውቀው ቤት ገባ» ማለት አይቻልም። መጀመሪያም ሥራው ባለሙያ፣ ማሽንና ሲሚንቶ በሰዓቱ ማገናኘት ነበር።

ሌላው ዩጂን ዊልኪንሰን ነው፤ በኑክሌር ኃይል የሄደችው የመጀመሪያዋ ሰርጓጅ መርከብ፣ የናውቲለስ፣ የመጀመሪያ አዛዥ። በ1979 በአሜሪካ የትሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አደጋ ደረሰ። አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ያለው መብራት የሚያሳየው ግን «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። ኦፕሬተሮቹ መብራቱን አመኑ፤ የሪአክተሩ እምብርት በከፊል ቀለጠ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ኑክሌር ኢንዱስትሪ አሠራሩን የሚፈትሽ የራሱን ተቋም ሲያቋቁም የመጀመሪያ መሪ ያደረገው ዊልኪንሰንን ነው።

የሚታየውን ምልክት ሳያረጋግጡ አለማመንን እኔ የተማርኩት አቃቂ፣ እንፋሎት በሚመረትበት ቦይለር ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው የጥገና ኃላፊዬ ምጽዋ በመርከብ ሞተር ክፍል ያገለገሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት የቦይለሩን መዝገብ ገልጠው ቆሙ። የሌሊቱ ቁጥሮች በሙሉ በአንድ ስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ፣ ያለ አንድ የዘይት እድፍ ተደርድረዋል። ተረኛው ላይ አልጮሁም። «ና ልጄ» ብለው የቦይለሩን የውሃ ከፍታ ወደሚያሳየው መመልከቻ መስታወት ወሰዱትና የማጠቢያውን ቫልቭ ከፍተው ዘጉት። ውሃው ወዲያው መመለስ ሲገባው እየተጎተተ ወጣ፤ መተላለፊያው በኖራ ዝቃጭ ሊደፈን ደርሶ ነበር። «ይኼ መስታወት ሲዋሽህ አድሯል፤ አንተ ደግሞ እሱንም ሳታየው ጻፍክ» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገቢና ወጪ ተረኛ ማሽኑ አጠገብ አብረው ቆመው ሳይረካከቡ ፈረቃ አይለወጥም ነበር። ከባህር ያመጡት ይህንን ነው። ባህር መካከል ሞተር ቢቆም ጠርቶ የሚያመጣው መካኒክ ስለሌለ፣ ቁጥርን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ እዚያ ልማድ ይሆናል።

«ወታደር ስለሆነ ሙስና አይነካውም።» ይህም ስህተት ነው። የአሜሪካን ባህር ኃይል የኑክሌር ፕሮግራም የገነባው፣ በ1957 ሥራ የጀመረውን የሺፒንግፖርት ኃይል ማመንጫ ያሠራው አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር ከ60 ዓመት በላይ አገልግሏል። ሆኖም ሰርጓጅ መርከብ ከሚሠራው ከጄኔራል ዳይናሚክስ ከ67 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጡ ስጦታዎች መቀበሉ ታውቆ በ1985 በይፋ ተወቅሷል። ስለዚህ ኦዲት ለሁሉም ነው።

«ለመቅጠር ማዕረጉ ብቻ ይበቃል።» ኧረ በጭራሽ!

እንዲህ ያለ ሰው ለመቅጠር የምታስቡ ሥራ አስኪያጆች፣ ስለ ማዕረጉ ብዙ አትጠይቁት። የትኛው ክፍል እንደነበረ፣ ስንት ሰው በሥሩ እንደሠራ፣ የተበላሸ ነገር ሲያጋጥመው ምን ጽፎ ለማን እንዳስተላለፈ ጠይቁት። ከዚያ ወደ ማሽኑ ውሰዱት፣ መዝገቡን ስጡትና ዝም ብላችሁ እዩ። መጀመሪያ ትናንት የተጻፈውን የሚያነብ ከሆነ ቅጠሩት። ወጣት ቴክኒሻኖች ደግሞ ዛሬ ማታ ተረኛ ከሆናችሁ፣ ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት መስታወቱን እጠቡት።