«የኔትወርክ ሽፋን» ምንድን ነው?

ሰሞኑን በሬዲዮ አንድ ተንታኝ ስለ አገራችን የዲጂታል ዕቅድ ሲያወራ «ሽፋኑ መቶ ሊሞላ ከተቃረበ እኮ ሥራው አለቀ ማለት ነው» አለ። ወዲያው አንድ አድማጭ ደወለ። «እኔ ያለሁበት ቀበሌ ኔትወርክ የለም፤ ቁጥሩ ውሸት ነው» አለና ዘጋ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለሁለቱም መልስ እየሰጠሁ ነበር። ታወር የት ይተከል፣ ሲግናሉ እስከ የት ይደርሳል የሚለውን ማስላት እንጀራዬ ነው። ሁለቱም ሽፋን የሚለውን ቃል ያለ ቦታው ነው የተጠቀሙበት።

ሽፋን በመቶኛ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ ሽፋን ነው፤ የመሬት አይደለም። መርካቶ ላይ አንድ ታወር ጥቂት መቶ ሜትር ሸፍኖ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያገኛል። አፋር በረሃ ላይ ያው ታወር ብዙ ኪሎ ሜትር ሸፍኖ ጥቂት መንደር ቢያገኝ ነው። ስለዚህ የሕዝብ ሽፋኑ ከፍ ብሎ ሳለ በሁለት ከተማ መሃል አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ኔትወርክ ልታጡ ትችላላችሁ። ቁጥሩ ውሸት ስለሆነ አይደለም። እዚያ መንገድ ዳር የሚኖረው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው።

ሽፋን ካልን ጋቢ እናስብ። መደብ ላይ አምስት ልጆች ተኝተዋል። አራቱ ተጠጋግተዋል፣ አንዱ ጫፍ ላይ ነው። እናት ያላት አንድ ጋቢ ነው፤ አራቱ ላይ ጣል ታደርገዋለች። የሕዝብ ሽፋን 80 በመቶ ሆነ። የመደቡ ግማሽ ግን ባዶ ነው። ጫፍ ላይ ያለው ልጅ «በረደኝ» ቢል እውነቱን ነው። እናቱም «አራቱን ሸፍኛለሁ» ብትል እውነቷን ነው። ደውሎ የተቆጣው አድማጭ አምስተኛው ልጅ ነው። ቁጥሩ ውሸት ነው ከሚል «የመሬቱ ሽፋንስ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ተንታኙን በያዘው ነበር።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ነጠላም ይሸፍናል፣ ጋቢም ይሸፍናል። 2ጂ ነጠላ ነው፤ ድምፅና አጭር መልእክት ያስተላልፋል። 4ጂ ጋቢ ነው፤ አጋጣሚ ሆኖ ጋቢም አራት ፈርጅ ነው። «ሕዝቡ ተሸፍኗል» የሚል ሰው በምን እንደሸፈነው ይንገረን። በ*127# ቴሌብር ለመላክ ነጠላው ይበቃል። ተማሪ የቪዲዮ ትምህርት ይከታተል ከተባለ ግን አይበቃም። ደግሞ አራት ልጅ በአንድ ጋቢ ሲጓተት ሁሉም ይበርደዋል። ማታ ማታ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። ሽፋኑ አልጠፋም፤ ተሻሚው በዛ።

ከዓመታት በፊት ለፍተሻ ገጠር ወጥተን ነበር። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ስልኮችን ከላፕቶፕ ጋር አያይዞ መኪና ውስጥ አስቀምጦ፣ እየነዱ ሲግናል መለካት። አንዲት እናት ቡና ጠሩን። ስልካቸው በሩ አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ በክር ተንጠልጥሏል። «እማማ፣ ምነው ሰቀሉት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ ፈቅ ካለ ልጄ ከሪያድ ብትደውል አታገኘኝም» አሉኝ። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ቤታቸው ካርታዬ ላይ አረንጓዴ ነው፤ የተሸፈነ ማለት ነው።

ካርታው አልዋሸም፤ የሚያሰላው ግን ደጅ ላይ ለቆመ ሰው ነው። ግድግዳውና የቆርቆሮ ጣሪያው ሂሳቡ ውስጥ የሉም። ሌላም አለ። «ተሸፈነ» የምንልበትን ዝቅተኛ የሲግናል መጠን የምንወስነው እኛው ነን። ገደቡን በ10 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ የሚነጻጸርበት መለኪያ ነው) ዝቅ ብናደርገው፣ አንድ አስረኛ ኃይል ያለውን ሲግናልም ተቀበልን ማለት ነው። አንድም አዲስ ታወር ሳይተከል ካርታው ይለመልማል። ስለዚህ የሁለት አገር ወይም የሁለት ድርጅት ሽፋን ከመወዳደሩ በፊት ገደባቸው አንድ መሆኑ ይጣራ። የሕዝቡ ቁጥርም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አገር አቀፍ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት መንደር ከተማ ሆነ፣ ስንቱስ ከቀዬው ተነሳ! የምናካፍለው ለግምት ነው።

አሁን ወደ ተንታኙ ልመለስ። ሽፋን ማለት አገልግሎቱ ደጃፍ ደርሷል ማለት ነው፤ ሰው ተጠቀመበት ማለት አይደለም። የዓለም የሞባይል ኦፕሬተሮች ማኅበር ጂኤስኤምኤ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ከሞባይል ኢንተርኔት ሽፋን ውጭ የሚኖረው ሕዝብ 4 በመቶ ገደማ ነበር። ሽፋን ውስጥ እየኖረ የማይጠቀመው ግን 40 በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ነው። ስማርት ስልክ ይወደዳል። ቻርጅ ማድረጊያ መብራት የለም። መተግበሪያው ባልገባቸው ቋንቋ ነው። ታወር ብቻውን ይህን አይፈታም።

በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ግብርናን፣ ማኑፋክቸሪንግን፣ በአይቲ የሚታገዙ አገልግሎቶችንና ቱሪዝምን ዋና መንገዶቼ ብሎ ነው የተነሳው። ግብርናውን ብቻ እንውሰድ። ገበሬው ሽፋን ውስጥ ሆኖ በእጁ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ፣ የገበያ ዋጋ የሚያሳየው መተግበሪያ ለእሱ የለም። «በአጭር ቁጥር ደውሎ በቋንቋው ይስማ» ብሎ ማቀድ ሌላ ሥራ፣ ሌላ በጀት ነው። የሽፋን ቁጥር ይህን አያሳይም። የሲም ብዛትም አያሳይም፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሲም የያዘው ሰው ብዙ ነው። ሲሙ ሁለት፣ ሰውየው አንድ።

ስለዚህ «ሽፋን» የሚል ቁጥር ሲያጋጥማችሁ የሕዝብ ነው ወይስ የመሬት፣ በስንት ጂ፣ ደጅ ወይስ ቤት ውስጥ ብላችሁ ጠይቁ። ከጎኑም የተጠቃሚው ቁጥር ይቀመጥ። ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ልጨምር። ካርታ ላይ ታወር ሁልጊዜ እንደበራ ነው የሚታሰበው። መብራት በሌለበት ቦታ በናፍጣ ወይም በሶላር ነው የሚሠራው። ታወሮች በሰንሰለት ሲያያዙ ደግሞ ላይኛው ከጠፋ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ። ያኔም ካርታው አረንጓዴ ነው። በወር ስንት ሰዓት ሠራ የሚለው በሌላ ሰንጠረዥ ነው የሚገኘው፤ እሱንም አብራችሁ ጠይቁ።