ከመድረክ ወደ ጂም፦ ስለ ስዊድን ፖፕ ድምፃውያን የሚባለውና እውነታው

ስዊድን ውስጥ በፖፕ ዘፈን ስም ካወጡ በኋላ የስፖርት አሠልጣኝ የሆኑ አሉ፤ ብሎሶም ታይንተን አንዷ ናት። ስለ እንዲህ ዓይነቱ ሽግግር የሚወራው አብዛኛው ነገር ሙያውን ከሩቅ ከማየት የመጣ ነው። አንዳንዱ ግን ሰው ይጎዳል። ከታች በጥቅስ የተቀመጡት እነዚህ አባባሎች ናቸው፤ «እሷ» የምንላትም ከዘፈን ወደ አሠልጣኝነት የመጣች ማንኛዋንም ድምፃዊት ነው።

«ዘፈኑ ስላልተሳካላት ነው»

የስዊድን ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። ትልቁ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ሜሎዲፌስቲቫለን በፌብሩዋሪና በማርች ይካሄዳል፣ የአደባባይ ኮንሰርቱ ደግሞ የሚሞቀው ከጁን እስከ ኦገስት ነው። በመሃል ሥራው ይቀዘቅዛል። ሁለት ሙያ ጎን ለጎን መያዝ እዚያ ውድቀት አይደለም።

«አንድ ዘፈን ከገነነ ዕድሜ ልክ ያበላል»

ማንን? ዘፈን ሲጫወት የሚከፈለውን ገንዘብ ለግጥምና ዜማ ደራሲዎች የሚሰበስበው እ.ኤ.አ. በ1923 የተቋቋመው ስቲም የተባለ ድርጅት ነው፤ ለድምፃውያንና ለሙዚቀኞች የሚሰበስበው ደግሞ ሳሚ። የ«ጋራ ሥር ነው ቤትሽ»ው ድምፃዊ የተሾመ ምትኩ ልጅ ኤሚሊያ ሪድበርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓለምን ያዳረሰውን «ቢግ ቢግ ወርልድ» የጻፈችው ከላርስ አንደርሰን ጋር ነው። እንዲህ ደራሲም ድምፃዊም የሆነች ሰው በሁለቱም በር ድርሻ ይኖራታል። የሰው ዜማ የተጫወተችው በአንዱ በር ብቻ።

«ሪትም ስላላት የስፖርት ክፍል መምራት አይከብዳትም»

ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። ድምፃዊ ቃሉን ምቱ ላይ ያሳርፋል፤ አሠልጣኝ ግን ቀድሞ መናገር አለበት። ጂም ውስጥ በቡድን ለሚሠራ ስፖርት የሚሆን ሙዚቃ የሚቆጠረው በ8 በ8 ሆኖ አራት ጊዜ፣ በ32 ምት ነው። በደቂቃ 128 ምት ባለው ሙዚቃ አንዱ ዙር 15 ሰከንድ ይፈጃል። አዲሱ እንቅስቃሴ በ1 እንዲጀመር ትእዛዙ የሚሰጠው በመጨረሻው ስምንት 5ኛ ቆጠራ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ከሁለት ቃል መብለጥ የለበትም፦ «በቀኝ፣ ወደፊት!» ፊቷን ወደ ሰዎቹ አዙራ ከቆመች ደግሞ «ቀኝ» እያለች በግራዋ መሥራት ይኖርባታል።

ሌላው ወጥመድ ዘፈኑ ራሱ ነው። ፖፕ ላይ ከአዝማቹ በፊት 8 ምት መጨመር የተለመደ ነው። ለጆሮ ይጥማል፣ ቆጠራውን ግን ይሰብረዋል፤ ከዚያ ግማሹ ክፍል ወዲህ ግማሹ ወዲያ ይሄዳል። ለስፖርት ተብሎ የተቀናበረ፣ 32ቱ የማይዛነፍበት ሙዚቃ መያዝ ይሻላል።

«ድምፅዋ የሠለጠነ ስለሆነ አይጎዳም»

ከሁሉም የሚያሳስበን ይሄ ነው። ሲዘፈን ትንፋሽ ተለክቶ ይወጣል። ከባድ ነገር ሲነሣ ግን የድምፅ አውታሮች ተጋጥመው አየሩን ደረት ውስጥ ያግቱታል። በዚያች ቅጽበት «በርቱ!» ብሎ መጮኽ በተጣበቁት አውታሮች መሃል አየርን በጉልበት ማሾለክ ነው። በቀን ሦስት ክፍል፣ በሳምንት አምስት ቀን ሲደጋገም አውታሮቹ ያብጣሉ፣ ሲቆይም ትንንሽ እባጭ ሊቋጥሩ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ከላይ ያለው ለስላሳ ድምፅ ነው፤ ተራ ንግግር ደህና ስለሚመስል ጉዳቱ ሳይታወቅ ይከርማል።

ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሣት) ሲሠራ መመሪያውን ቆማ ትስጥ፣ ስትወርድ ዝም ትበል፣ ስትነሣ አየሩን ታስወጣ። ራስ ላይ የሚጠለቀው ማይክ ከከንፈር ጥግ በሁለት ጣት ርቀት፣ ከትንፋሹ መስመር ገለል ብሎ ይሁን። ሙዚቃው ከዋጣት ሙዚቃውን መቀነስ እንጂ ድምፅ መጨመር የለም። ከሦስት ሳምንት ያለፈ መጎርነን በሻይና በማር የሚታለፍ አይደለም፤ የአንገት በላይ ሐኪም አውታሮቹን ማየት አለበት።

«ከድያፍራም ነው የምዘፍነው» የሚሉም አሉ። ድያፍራም አየር የሚያስገባ ጡንቻ ነው፤ አወጣጡን የሚገዙት በዋናነት የሆድና የጎድን አጥንት መሃል ጡንቻዎች ናቸው።

«ስሟ ከወረቀት ይበልጣል»

ስዊድን ውስጥ «የግል አሠልጣኝ» የሚለው መጠሪያ የመንግሥት ፈቃድ አይጠይቅም፤ እስከዚህ ልክ ናቸው። ቀጣሪ ጂሞች ግን ሥልጠና ይጠይቃሉ፤ በአውሮፓ የሙያ መለኪያ የግል አሠልጣኝ ደረጃ 4 ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ስቶክሆልም ውስጥ የተጀመረው የስፖርት ማኅበር ፍሪስኪስ ኦ ስቬቲስ ክፍሎቹን በበጎ ፈቃደኞች ሲያስመራ እንኳ አሠልጥኖ ነው። ፊዚዮቴራፒስትና ዳይቲስት (የአመጋገብ ባለሙያ) ግን ያለ መንግሥት ፈቃድ መባል አይቻልም። ጉልበቱ ያበጠ ደንበኛ ሲመጣ ወደ ፊዚዮቴራፒስት መላክ ነው።

«የራሷን ዘፈን ብታጫውት ማን ይጠይቃታል?»

ስቲም ይጠይቃል። ደራሲዋ አባል ስትሆን በአደባባይ የማጫወቱን መብት ለስቲም ሰጥታዋለች፤ ስለዚህ ጂሙ ፈቃዱን መግዛት አለበት። የግል የስፖቲፋይ አካውንትም አያዋጣም፤ ውሉ ለግል አገልግሎት ብቻ ይላል። ሥራ ከመጀመሯ በፊት የጂሙ ፈቃድ የቡድን ክፍሎችን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ትጠይቅ።