አኑሳያ፣ ቻሪታ፣ ቫሳና፦ በቡድሃ ትምህርት የሚምታቱ ሦስት ቃላት

አኑሳያ ማለት በውስጥ አድፍጦ የሚኖር ዝንባሌ ነው። ፓሊ በተባለው ጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ ያሉት ቀደምት የቡድሂዝም መጻሕፍት ሰባት ይቆጥራሉ፤ ምኞት፣ ጥላቻ፣ ትዕቢትና አለማወቅ ከእነሱ መካከል ናቸው። በጀርባው የተንጋለለ ጨቅላ ስለ ሥጋዊ ምኞት ምንም አያውቅም። ዝንባሌው ግን አብሮት አለ። ስለዚህ "እኔ እኮ አልተናደድኩም" ማለት ብዙም አያስኬድም፤ ምናልባት የሚነካካህ አላገኘህም።

ቻሪታ ደግሞ በውጭ የሚታየው ጠባይ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስሪላንካ ውስጥ የጻፈው ቡድሃጎሳ ስድስት ዓይነት ይዘረዝራል። መምህሩ ጠባዩን ለመለየት ደቀ መዝሙሩን ግቢ ሲጠርግ ያየዋል። ምኞት የሚያይልበት ሳይቸኩል፣ እኩል አድርጎ ይጠርጋል። ቁጡው መጥረጊያውን ጨምድዶ ይዞ፣ አሸዋውን ግራና ቀኝ እየበተነ ይንኮሻኮሻል። (ከቃለ መጠይቅ ይሻላል መሰለኝ።) የሚሰጠው ተመስጦም እንደ ጠባዩ ነው፤ ለቁጡው ለሁሉም በጎ መመኘትን ያለማምዱታል።

ቫሳና የልማድ ርዝራዥ ነው። ፒሊንዳቫቻ የተባለ መነኩሴ ከአኑሳያ ሁሉ ነጽቶ እንኳ ባልደረቦቹን በንቀት ስም ይጠራ ነበር። ሲከሰስ ቡድሃ ተከራከረለት፤ በልቡ ጥላቻ የለም፣ ባለፉት ብዙ ሕይወቶቹ የለመደበት አነጋገር ነው አለ።