አፈታሪካዊ ስልት ምንድን ነው?

በዘመናዊ ግጥም ላይ በሚጻፉ አስተያየቶች ውስጥ የአንድ ጥንታዊ አምላክ ወይም ጀግና ስም የተጠራበት ግጥም ሁሉ «አፈታሪካዊ ስልትን የተከተለ» እየተባለ ሲወደስ ማንበብ ከመጠን በላይ ተደጋግሟል። ስም መጥራት ጠቃሽ ዘይቤ፣ ማለትም የታወቀን ታሪክ ወይም ሰው በጨረፍታ ማንሳት ነው፤ ስልቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን መቀላቀልም የገጣሚውን ዋና ሥራ ከአንባቢ ዓይን ይሰውራል።

ገጣሚውና ሐያሲው ቲ. ኤስ. ኤልየት በ1923 እ.ኤ.አ. ስያሜውን ሲያስተዋውቅ በጥንቱና በአሁኑ ዘመን መካከል ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ትይዩነትን መግለጹ ነበር። የገመገመው የጥንቱን የግሪክ ጀግና የኦዲሴየስን ጉዞ መሠረት ያደረገውን የጆይስን «ዩሊሲስ»፣ ማለትም ልቦለድ እንጂ ግጥም አለመሆኑ መረሳት የለበትም፤ ሆኖም የስልቱን አስፈላጊነት ከዘመነኞቹ ቀድሞ የተገነዘበው ገጣሚው ዬትስ እንደሆነ እዚያው ጽፏል።

የተጠራ ስም እንደ ጥለት ነው፤ ጥለት ቢተረተር ጨርቁ ጨርቅነቱን አያጣም፤ ድሩ ከተመዘዘ ግን ማጉ የሚይዘው አጥቶ ይበተናል። በስልቱ በተሠራ ግጥም ውስጥ አፈታሪኩ ድር፣ የዛሬው ሕይወት ማግ ነው፤ ጥብቅ ሆኖ በተሸመነ ጨርቅ ላይ ደግሞ ድሩ በማጉ ተሸፍኖ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። በግሪካዊው ገጣሚ በካቫፊ «ኢታካ» (1911 እ.ኤ.አ.) ውስጥ ወደ አገሩ ወደ ኢታካ ለመመለስ ለዓመታት የተንከራተተው ኦዲሴየስ አንድም ጊዜ በስሙ አይጠራም፤ መንገደኛው «አንተ» የሚባለው አንባቢ ነው፤ በጉዞው የሚያጋጥመውን ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ ፍጡር፣ ሳይክሎፕስን፣ የሚያገኘውም በገዛ ነፍሱ ተሸክሞት ከሄደ ብቻ ነው። በጥንቱ ትረካ የመንገዱ መርዘም መከራ ሲሆን፣ ካቫፊ ግን መንገዱ እንዲረዝም ተመኝ ይላል። የዚህን ምክር ድፍረት የሚረዳው ከሥሩ ያለውን መከራ የሚያስታውስ ነው። ስሞችን እየቆጠረ የሚፈርድ አስተያየት ሰጪ ይህን እንዴት ሊያየው ይችላል?

ያው አስተያየት ሰጪ ብዙውን ጊዜ ገጣሚው «ዋናውን ታሪክ አዛብቷል» ብሎ ይከሳል። በፎክሎር (በሥነ ቃልና በባህላዊ ትረካ) ጥናት ግን በቃል የሚተላለፍ ትረካ ብዙ ቅጂዎች እንጂ አንድ «ዋና» የለውም። ጀርመናውያኑ የተረት ሰብሳቢዎች የግሪም ወንድማማቾች ራሳቸው በ1812 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ተረት ውስጥ መስታወቷን «ከሁሉ የምታምር ማን ናት?» እያለች የምትጠይቀውንና በልጇ በስኖው ዋይት ውበት የምትቀናውን ክፉ እናት በ1819 እትም የእንጀራ እናት አድርገዋታል። (የስኖው ዋይት ትረካ በእውነትነቱ የሚታመን አፈታሪክ ሳይሆን ለልብ ወለድነቱ የሚነገር ተረት ነው፤ ልዩነቱ የሚመነጨው ከተራኪው ማኅበረሰብ እምነት ነው።) አሜሪካዊቷ ገጣሚ አን ሴክስተን በዚሁ ተረት ላይ ተመሥርታ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ግጥም የእንጀራ እናቲቱ በጋለ ጫማ እየጨፈረች የምትሞትበትን ፍጻሜ ጠብቃ፣ ከዚያ በኋላ ልጅቷ ራሷ ወደ መስታወቱ ዞር ስትል ታሳያለች። ይህ የገጣሚዋ ጭማሪ ነው፤ ጭማሪነቱም የሚታወቀው የግሪሞቹ ቅጂ የት ላይ እንደሚቆም ለሚያውቅ አንባቢ ብቻ ነው።