ሌናርድ ውድኮክ፦ ከዲትሮይት ፋብሪካ እስከ ቤጂንግ ኤምባሲ

ሌናርድ ውድኮክ የአሜሪካን የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ሲመራ ኖሮ፣ በኋላ አገሩ በኮሚኒስት ቻይና የሾመችው የመጀመሪያው አምባሳደር የሆነ ሰው ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያሳደገው ሰው አልነበረም። ድርድር የለመደው ከመኪና አምራቹ ከጄኔራል ሞተርስ አለቆች ጋር ሲሟገት ነው።

በ1911 ሮድ አይላንድ ውስጥ ከእንግሊዛውያን ወላጆች ተወለደ። አባቱ ለሥራ ቤተሰቡን ይዞ ጀርመን ሄደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ጀርመኖች አባትየውን አሰሩት፤ እናትና ልጅ እንግሊዝ ገቡ። ወደ አሜሪካ የተመለሱት በ1926 ሲሆን ኑሯቸውን ያደረጉት ዲትሮይት ነው። ኮሌጅ ጀምሮ ነበር፤ ግን ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት ነበርና በ1933 ትምህርቱን ትቶ ፋብሪካ ገባ። ማኅበር ውስጥም የገባው በዚሁ በኩል ነው።

በ1946 የታዋቂው የማኅበሩ መሪ የዋልተር ሩተር ረዳት፣ በ1955 ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ሩተር በሜይ 1970 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ወንበሩ ለውድኮክ ደረሰ። ገና አራት ወር ሳይሞላው ጄኔራል ሞተርስ ላይ አድማ ተጠራ። 400,000 ገደማ ሠራተኛ 67 ቀን ሥራ አቆመ። ማኅበሩ የኑሮ ውድነት ማካካሻው (ዋጋ ሲንር በደመወዝ ላይ የሚታከለው ገንዘብ) ላይ የነበረውን ጣሪያ አስነሣ። 30 ዓመት የሠራ ሰው የተለመደውን የጡረታ ዕድሜ ሳይጠብቅ የሚወጣበትን መንገድም አስከፈተ።

የፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ሰዎች በምሥጢር በያዙት የፖለቲካ “ጠላቶች” ዝርዝር ውስጥ ስሙ ነበረበት። ነገሩ ያስቃል፤ ኒክሰን በ1972 ቤጂንግ ሄዶ የጀመረውን ከቻይና ጋር የመታረቅ ሥራ የጨረሰው ይኸው “ጠላት” ነው።

ውድኮክ በ1976ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ጂሚ ካርተርን ደግፏል። ካርተርም ሥልጣን እንደያዘ በቬትናም ጦርነት የጠፉ አሜሪካውያን ወታደሮችን ጉዳይ እንዲያጣራ ወደ ቬትናምና ላኦስ ላከው፤ በ1977 አጋማሽ ላይም በቤጂንግ የአሜሪካ የግንኙነት ቢሮ ኃላፊ አደረገው። ያኔ ሁለቱ አገሮች ሙሉ ግንኙነት ስላልነበራቸው ኤምባሲ የሚባል ነገር አልነበረም።

በ1978 ሙሉ ግንኙነት ለመመሥረት የተጀመረው ድርድር በጥቂት ሰዎች ብቻ ተይዞ በምሥጢር ተካሄደ። ውድኮክ ጉዳዮቹን እንደ ኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና የአሠሪ ውል) አንቀጽ አንድ በአንድ እያነሣ ሄደ። አስቸጋሪው ቻይና የኔ ናት የምትላት ደሴት ታይዋን ነበረች። አሜሪካ ለደሴቲቱ መሣሪያ መሸጧን እንደምትቀጥል ሲነገራቸው የቻይናው መሪ ዴንግ ሺያዎፒንግ ተቆጡ። ግንኙነቱን የሚያበስረው መግለጫ ሊወጣ ሰዓታት ብቻ ቀርተውት ነበር! ውድኮክ ግን መጀመሪያ ግንኙነቱ ይመሥረት፣ ሌላው በጊዜ ይታያል በሚል ተሟገተ። ዴንግም ተስማሙ። ልዩነቱ አልተፈታም፤ ዛሬም እንዳለ ነው። አድማ መርቶ የሚያውቅ ሰው ግን ያልተፈታ አንቀጽ ይዞ መፈራረም አያስደነግጠውም።

ግንኙነቱ በጃንዋሪ 1 ቀን 1979 ተመሠረተ። ውድኮክ እስከ 1981 በአምባሳደርነት አገለገለ፤ ከዚያ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ2000 ለቻይና ቋሚ የንግድ መብት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚል ክርክር ሲነሣ የቀድሞ ማኅበሩ አጥብቆ ተቃወመ፤ እሱ ግን ደገፈ። በጃንዋሪ 2001 በ89 ዓመቱ አን አርበር ውስጥ አረፈ። ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅት የገባችው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው።