ስለ አርመኖች እልቂት በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

አዲስ አበባ ላይ አርመን ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው «አርባ ልጆች» ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም አይተዋቸው፣ ሙዚቃቸውን ወደውት ያመጧቸው ወጣቶች ናቸው። ስለ ባንዱ ደስ ብሎን እናወራለን። ልጆቹን ወላጅ አልባ ያደረጋቸው በ1915 በኦቶማን ግዛት፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ የጀመረው የአርመኖች እልቂት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ወላጆቻቸው ምን ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሚመለሰው መልስም ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው።

«አርመኖች ኢትዮጵያን ያወቋት ያኔ ነው»

አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላኩት መልእክተኛ ማቴዎስ አርመናዊ ነበር። «የሰርኪስ ባቡር» የሚባለውን የመንገድ መዳመጫ ለአፄ ምኒልክ ያመጣው ሰርኪስ ተርዚያንም እንዲሁ።

«ጦርነት ነበር፤ በጦርነት ሰው ይሞታል»

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ እንደነበር እውነት ነው። አርመኖቹ ግን በተኩስ ልውውጥ መሃል ገብተው አልሞቱም። ኤፕሪል 24 ቀን 1915 ሌሊት በኦቶማን ዋና ከተማ ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ውስጥ ከ200 በላይ የአርመን ምሁራን፣ ጸሐፊዎችና መሪዎች ታፈሱ። አብዛኞቹ በኋላ ተገደሉ። በግንቦት ወር አርመኖችን የማፈናቀያ ሕግ ወጣ። ሥራውን ከላይ ሆኖ የመራው የኦቶማን የአገር ውስጥ ሚኒስትር ታላት ፓሻ ነው። ወንዶቹ ተለይተው ተረሸኑ። ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ወደ ሶሪያ በረሃ፣ ወደ ዴር ዞር አቅጣጫ በእግራቸው ተነዱ። ረሃብ፣ ውሃ ጥምና ወረርሽኝ መንገድ ላይ ጨረሳቸው። ከሩሲያ ጦር ግንባር እጅግ የራቁት የአንካራና የቡርሳ አርመኖች ሳይቀሩ ተፈናቅለዋል። «ማፈናቀሉ ለጦሩ ደኅንነት ነው» የሚለው የመንግሥቱ ምክንያት እዚህ ላይ ውሃ አይቋጥርም። የሟቾቹ ግምት ከ600 ሺህ እስከ 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል።

«ድንገት የፈነዳ ነገር ነው»

አይደለም። ቀደም ብሎም ከ1894 እስከ 1896 በኦቶማኑ ሱልጣን አብዱል ሐሚድ ዘመን፣ በ1909 ደግሞ አዳና ከተማ ላይ በአርመኖች ላይ ትልልቅ ጭፍጨፋዎች ተፈጽመዋል።

«ሙስሊሙ ክርስቲያኑን ፈጀ»

የአርመን ቤተ ክርስቲያን የእኛዋ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እኅት ናት። ስለዚህ ነገሩን የሃይማኖት ጠብ አድርገን ለማየት እንቸኩላለን። ሃይማኖት ሰው ለማነሳሳት ማገልገሉ አይካድም። ውሳኔው ግን በጊዜው መንግሥቱን የያዘው የአንድ ብሔርተኛ ፓርቲ መሪዎች ነበር። የመካው ሸሪፍ ሑሴን በ1917 አርመኖች እንዲጠበቁ በደብዳቤ አዘዋል። የሶሪያዋ የሐለብ ከተማ (አሌፖ) ገዥ የነበሩት ጀላል ቤይ ማፈናቀሉን በመቃወማቸው ከቦታቸው ተነሡ። ኮንያ በምትባል ሌላ የኦቶማን ከተማ ሲሾሙም አሻፈረኝ አሉ፤ እንደገና ተሻሩ። ልጆችን ቤታቸው የደበቁ ዓረቦች፣ ቱርኮችና ኩርዶች ነበሩ። በግድያው ላይ ያልነበሩ ሙስሊሞችን ሁሉ በአንድ ላይ መክሰስ ለእነዚህ ሰዎች ግፍ ነው።

«የተረጋገጠ ነገር የለም»

የኦቶማን መንግሥት የራሱ ወታደራዊ ፍርድ ቤት በ1919 ታላትንና ሁለቱን የፓርቲው ዋና መሪዎች፣ ኤንቨርንና ጀማልን፣ በሌሉበት ሞት ፈርዶባቸዋል። ጀርመን በ2016፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በ2021 ድርጊቱን የዘር ማጥፋት ብለውታል። የቱርክ መንግሥት ራሱ ብዙ አርመኖች መሞታቸውን አይክድም። እስከ ዛሬ የሚክደው የዘር ማጥፋት መሆኑን ነው።